ዳቦ ቤት የደረቀ ጥድ

በዚያ ቀን እዚያ የነበርነው አምስት ነን። ሰይድ ነበር፤ ቀስቱን የያዘው እሱ ነው። ታናሽ እህቱ ዘይነባ ነበረች፤ የዳቦ ቤቱን መስኮት ዘግታ፣ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ መጥታለች። ጓደኛችን ቢኒያም ነበር፤ ባዶ የዱቄት ጆንያ በሰጋቱራ ሞልቶ የቆርቆሮው አጥር ላይ የሰቀለው እሱ ነው። የእነሰይድ አባት ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዳር ላይ ቆመው ነበር። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት አያት ያለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ የሚያፈስ ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አንድ ረጅም እንጨት ጎትቶ አወጣ።

“ብሮ፣ ይሄን ልጣለው?”

“ተወው።”

“ምን ይሠራልሃል?”

ግድግዳው ላይ መልሶ ሲያስደግፈው የመፍቻው ጥርስ ጫረው፤ በጫረው መስመር ላይ ቀዩ እንጨት ታየ፤ ሽታውም ወጣ። ጥድ ስንት ዓመት ቆሞ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ሽታውን እንደያዘ ይኖራል።

በፊት የምንኖረው ወሎ ሰፈር ነው። የጋሽ ይመር ዳቦ ቤት ከጋራዦቹ ጀርባ ነበር። ያኔ እኔና ሰይድ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ቀስት እንሥራ የሚለው ሐሳብ የሰይድ ነበር፤ ስልኩ ላይ የቀስት ውድድር ሲያይ የተጠራበትን አይሰማም። ሥራው ግን ለእኔ ደረሰ፤ እሱ ትዕግሥት የለውም፣ እኔ ደግሞ ብዙ አላወራም። ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ካፌ ደረጃ ሥር ተቀምጬ፣ አስተናጋጁ የዋይፋዩን ቁልፍ እስኪቀይረው ድረስ፣ ሰዎች ቀስት ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። የጥድ ግንድ ሁለት ቀለም አለው፤ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ቀይ። ነጩ ሲለጠጥ ይታገሳል፣ ቀዩ ሲጨመቅ ይቋቋማል። ስለዚህ ነጩ ወደ ዒላማው፣ ቀዩ ወደ ወርዋሪው መዞር አለበት። ከሁሉ በፊት ግን እንጨቱ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ለወራት መድረቅ አለበት።

ወራት አልነበረንም። ቤቱን ያከራዩአቸው ሰው ሕንፃ ሊሠሩበት ስለሆነ ለአዲስ ዓመት ልቀቁ ብለዋል። ጋሽ ይመር ቤተሰባቸውን ይዘው ኮምቦልቻ፣ ወንድማቸው ጋ ሊመለሱ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጎን የነበረው አሮጌ ቪላም ነሐሴ ላይ ፈረሰ፤ ግቢው ውስጥ የነበረው ጥድ ተቆረጠ። ዘበኛው አንድ ቁራጭ ወስደን እንድንሄድ ፈቀዱ። “ምን ልታደርጉት ነው?” ሲሉን ቢኒያም “ጦርነት ልንገባ ነው” አላቸው። “እንግዲያው ከእኔ ግቢ ራቅ ብላችሁ” አሉት።

ግንዱን ለሁለት ሰነጠቅነው። ሰይድ አንዱን ግማሽ ታቅፎ “ሳልሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ልወርውርበት” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አልደገመውም፤ እኔም ሌላ ነገር አላሰብኩም።

የነሐሴን ዝናብ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የተሰጣ ካልሲ እንኳ አይደርቅም። የእንጨቱን ጫፎች እንዳይሰነጠቁ በሻማ ሰም ደፍኜ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት፤ በየማለዳው ስዳስሰው እንደ ሰው እጅ ወዝቶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ሰይድ አንደኛውን ግማሽ ወስዶ የዳቦ ቤቱ ምድጃ አናት ላይ አጋደመው።

“እዚያ ከደረቀ ይሰባበራል” አልኩት።

“እዚህ ካልደረቀ እኔ የለሁም” አለኝ።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቪዲዮዎቹ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አላየሁም።

በሳምንቱ ደንበኞች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት እናት ዳቦውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

“ዘይኑ፣ ዳቦው ምን ምን ይሸታል?”

“ምን ምን ይሸታል፣ እትዬ?”

“እርሳስ እርሳስ።”

“ትምህርት ሊከፈት አይደል” አለቻቸው ዘይነባ፤ እየሳቁ ሄዱ።

እኛ ግን አልሳቅንም። ጋሽ ይመር ሊጥ በሚቦካበት ክፍል ማስቲካ የሚያኝክ ሰው የማያስገቡ ሰው ናቸው። እንጨቱን ሲያገኙት እሳት ውስጥ ይከቱታል ብለን ፈራን። አገኙት። አነሡት፤ አሸተቱት፤ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ከዚያ ገልብጠው እዚያው መልሰው አስቀመጡትና “በዚህ በኩል ገና ነው” ብለው ወደ ሊጡ ሄዱ።

ሰይድ እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን።

“አየኸው?” አለኝ። “ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዳቦ ቤቱን በልቡ ትቶታል ማለት ነው።”

እስከዚያ ቀን ድረስ መሄዳቸውን አንድ ነገር መጥቶ የሚያስቀረው ይመስለን ነበር መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ሆነ። ምድጃው ላይ የደረቀውን ግማሽ ለመላግ መላጊያ ከአናጺ ተዋስኩ፤ ከመላጊያ ወደ ሞረድ፣ ከሞረድ ወደ ብርጭቆ ስባሪ። ሁለቱ ክንፎች እኩል መጉበጥ አለባቸው፤ አንዱ ከጠነከረ ሁለተኛው ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል። ገመዱን ከሲባጎ ገመድኩት። በመጨረሻው ሳምንት፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተን ቀስቱን ሰቅለን ገመዱን ቀስ እያልኩ ወደ ታች ስስበው፣ አንድ ድምፅ ሰማን። ትንሽ ነው፤ ጣት ሲንቋቋ የሚያሰማውን ያህል።

“ምንድን ነው?” አለ ቢኒያም።

“ዝናቡ ነው” አለ ሰይድ።

ቆርቆሮው ላይ እየዘነበ ነበር፤ እውነት ነው። ዝናብ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ ብሎ አያቆምም። በጣቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት፤ በአምፖል ብርሃን አየሁት፤ ምንም ስንጥቅ አላገኘሁም። ሌላ ልሥራ ብል ጊዜ የለም፤ ሌላኛው ግማሽ አልጋዬ ሥር ገና እርጥብ ነው።

የመሄጃቸው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። አይሱዙው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ማቡኪያውና መጋገሪያ ሳህኖቹ ተጭነዋል። በፈረሰው ቪላ ግቢ፣ ከጥዱ ጉቶ አጠገብ ቆምን። ሰይድ ፍላጻውን ገመዱ ላይ አደረገ። እኔ ጆንያውን አላየሁም፤ የማየው የቀስቱን የታችኛውን ክንፍ ነበር። ሰይድ ሳበ። እጁ አገጩ ጋ ሲደርስ፣ ከመያዣው ዝቅ ብሎ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሲሮጥ አየሁ። “ቁም” ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ቀስቱ ግን ቀድሞኝ ለሁለት ተሰበረ። ሰይድ ሁለቱን ቁራጮች በገመዱ እንደተንጠለጠሉ ያዛቸው። ጋሽ ይመር መጥተው ተቀበሉት፣ ስብራቱንም አሸተቱት።

“እሳቱ አልጠፋም” አሉ። “የቀረች ሊጥ አለች። ኑ።”

ጥዱን ራሳቸው ምድጃው ውስጥ አስገቡት። ትኩስ ዳቦ አይሱዙው ኋላ ላይ ተቀምጠን በላን። እርሳስ እርሳስ ይላል። ዘይነባ “እትዬ ይቺን ቢቀምሱ” አለች፤ ያኔ ሰይድ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

እኛም በዓመቱ ወደ አያት ስንዛወር ሁለተኛውን ግማሽ ይዤው መጣሁ። አሁን ደርቋል። ቢኒያም ባለፈው እሑድ ከታክሲ ሥራው ሲመለስ አይቶት “ሥራው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?” አለኝ። ቀስት ግን በሚስበው ሰው ክንድ ይለካል። እንጨቱ ላይ ያኔ በእርሳስ ያሰመርኩት ልክ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰይድ ክንድ ነው። ኮምቦልቻ የነበረው ስልካቸው ከዓመታት በፊት መጥራት አቁሟል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ዳቦ ቤት ብዙ ነው ይሉኛል።

እኔ የማስታውሰው ይህን ነው። አንድ ነገር ግን አላየሁም፤ ዓይኔ ክንፉ ላይ ነበርና ፍላጻው የት እንደደረሰ አላውቅም። ቢኒያም ሰይድ እግር ሥር ወደቀ ይላል። በኋላ ጆንያውን ሳወርደው ግን ሰጋቱራ በአንድ ቀዳዳ ሲፈስ አይቻለሁ፤ የቆየ ቀዳዳ ይሁን አይሁን አላውቅም። ዘይነባ፣ አንቺ ጆንያውን ፊት ለፊት ታዪ ነበር፤ ይህን ካነበብሽ ያየሽውን ጨምሪበት። ጋሽ ይመር፣ እርስዎም ዳር ሆነው ያዩትን ይንገሩን። ሰይድ፣ አንተ ደግሞ ክንድህን ለክተህ ላክልኝ።