ዳልቻ የተማረው

አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም ወረታ ገበያ ላይ ቢያጫውተኝ ሳቅሁበት። በአገሩ ዳማ መጫወት በራሱ የሚማር ማሽን አለ አለኝ።

«ማን ያስተምረዋል?»

«ማንም። ሲያሸንፍ ሽልማት አለው፣ ሲሸነፍ የለውም። ደጋግሞ ሲጫወት የሚያሸልመውን ይለያል።»

«የኔም በሬ ተምሯላ! ዳልቻን በጨው ነው ያስለመድሁት። ስጠራው ከሜዳው ማዶ እየሮጠ ይመጣል፤ እንዲያ ነው የሚያውቀኝ።»

«የተማረው ጨውህን ነው እንጂ አንተን አይደለም» አለኝ። ፈረንጅ ስለ በሬ ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት።

ክረምቱ ሳይወጣ ዳልቻ ተሰረቀ። ስፈልግ ሰንብቼ ሐሙሲት ገበያ አንድ ሰው ሊሸጠው ይዞት አገኘሁ። «የኔ ነው» ብል «የኔ ነው» አለ። ምስክር ጠፋ። ሽማግሌዎቹ «ወዲህና ወዲያ ቁሙና ጥሩት፤ በሬ ጌታውን አይስትም» አሉን። ደስታዬን አልቻልሁትም።

«ና ዳልቻ! ና የኔ ጌታ!» ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ባዶ እጄንም አየ። ሰውየው ስሙን እንኳ አያውቀውም፤ ዝም ብሎ ጭብጡን ዘረጋ። ዳልቻ ሄዶ መዳፉን ይልስ ጀመር።

«ጨው ይዟል!» ብዬ ጮኽሁ።

ሽማግሌዎቹ ግን «በሬው ፈረደ» ብለው ተነሥተው ነበር።