ቢጫው ብርድ ልብስ

ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ተከራይታ ኤሌክትሮኒክስ የምትጠግነው ሴት በቅናት ልትጨርሰኝ ነው። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። ጋዋኗ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጥፍሯ ከሥሩ የተቆረጠ ነው። ሃያ ዓመት በዚሁ ሙያ የሠራሁት እኔ «ምንም የለበትም» ብዬ የመለስኩት ራዲዮ እሷ ዘንድ ሄዶ ይድናል!

ምክንያቱ ይገባኛል፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ስፈትሸው ቦርዱ ነፋስ ያገኛል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚነሳው ብልሽት ይደበቅብኛል። እሷ ግን ራዲዮውን ክዳኑን ገጥማ፣ እያወራ ካርቶን ውስጥ ታስገባና ካርቶኑን በትንሽ ቢጫ ብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። ሙቀቱን በእጇ ጀርባ እየለካች፣ ድምፁ እስኪጠፋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሲጠፋ ገለጥ አድርጋ፣ አልኮል በነካ ጥጥ የቦርዱን ዕቃዎች አንድ በአንድ ታቀዘቅዛለች። አንዷን ስትነካ ድምፁ ከተመለሰ «አንቺ ነሽ ለካ!» ብላ ትነቅላታለች።

እኔም ከቤት ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቼ ሞከርኩ። የሰው ራዲዮ አቃጥዬ አረፍኩት። የሷ ብርድ ልብስ ግን ስስ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፤ ልክ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያሞቃል። እሱንም ተመኘሁባት።

ትናንት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጠረጴዛዋ ጋ ሄድኩ።

«እህቴ፣ ይሄን ብርድ ልብስ የት ነው የገዛሽው? እኔም አንድ ልግዛ።»

«አልገዛሁትም፣ ጋሼ» አለች፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ እያጠፈችው። «ከማዋለጃ ክፍል እሱን ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት።»