ጨው ያልነካው ሲኒ

የመካነ ሰላሙ ልብስ ሰፊ አምላኩ ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል ቢባል ውሸት አይደለም። በሆዱ የሚሠራው ኩላሊት የእሱ ሳይሆን የታናሽ ወንድሙ የዓባይነህ ነው። ዓባይነህ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አንዱን ኩላሊቱን ሰጠውና፣ ዓመት ሳይሞላው በደጎሎ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። እንግዲህ ወንድም ከአፈር በታች፣ ኩላሊቱ ከአፈር በላይ። አምላኩ ሚስትም ልጅም የለውም፤ ሊተኛ ሲል ጎኑን በመዳፉ ይዞ "አለህ?" ይለዋል። ማን ይመልስለታል!

ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ጧትና ማታ ክኒን ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩን ነው። ያው ክኒን ግን የደም ግፊት ያነሣል፤ ግፊቱ ዞሮ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል። ከጅብ አስጥሎ ለነብር! ስለዚህ አምላኩ ጨው ከቤቱ አስወጣ። የሰንበቴ ወጥ አይቀምስም፤ ሠርግ ሲጠራ ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ይሄዳል። እስኪ በሰው ድግስ ላይ ምግቡን ይዞ የሚመጣን ማን ይወዳል? "ኮራብን" አሉ። ቆይተው መጥራቱንም ተዉት።

አንድ ደጅ ብቻ አልተዘጋበትም። ጎረቤቱ እትዬ ፊርደውስ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ደሴና አረብ አገር የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። ከዓባይነህ ቀብር ማግስት ጀምሮ በአጥሩ ላይ "አምላኩ! ና ቡና!" ይሉታል። አምላኩ ከልብ የሚያወራው እዚያ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀን የስፌት መኪናው ድምፅ ነው።

ዘንድሮ ግፊቱ አልወርድ አለ። ደሴ የምታክመው ሐኪም የደም ምርመራውን አይታ ፊቷ ጠቆረ።

"ግፊቱ እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊቱ አይቆይም። ጨው ይበላሉ እንዴ?"

"ኧረ የዓባይነህ አጥንት ይውጋኝ! ቤቴ ዘሩም የለ።"

"የሕመም ማስታገሻስ ከሱቅ ገዝተው ይወስዳሉ?"

"እሱ ኩላሊት ይጎዳል ካላችሁኝ ወዲህ ራሴን ቢፈልጠኝም አልነካም።"

"እሺ፣ ከጧት ጀምሮ አፍዎ የሚገባውን ሁሉ ይንገሩኝ።"

ነገራት። ቡናው ላይ ሲደርስ ሐኪሟ ቀና አለች፤ የአቀስታ ልጅ ናት፣ የአገሩን ቡና ታውቃለች።

"ቡናውን በምን ነው የሚጠጡት?"

"በጨው ነዋ! በምን ይጠጣል ደግሞ?" አለ። አለና አፉን ያዘ።

ወይ ጉድ! ጨውን ከወጥ ሲያባርር ቡናን ከምግብ አልቆጠረውም። ማንስ ይቆጥረዋል? በዚህ አገር ቡና ቡና ነው። የእትዬ ፊርደውስ እጅ ደግሞ ለጨው ለጋስ ነው፤ ቆንጥረው ሳይሆን ዘግነው ነው ጀበናው ውስጥ የሚጨምሩት። ሐኪሟ የግፊት መድኃኒት ጨመረችለትና "ይሄን ጨው ይተዉና በወሩ ይምጡ። ያኔም ካልወረደ ኩላሊቱን ራሱን እናየዋለን" አለችው።

እትዬ ፊርደውስን "ጨው አይግባብኝ" ቢላቸው ምን ነበረበት? ምንም! ግን ሰው ቀላሉ ነገር ነው የሚከብደው። ከሐዘኑ ያነሡት በዚያ ቡና ነው። ቡናዎ የወንድሜን ኩላሊት እየጎዳ ነበር ብሎ በምን አፉ ይናገር? በጓሮ መንገድ መግባት ጀመረ። ሲጠሩት "ሥራ ይዣለሁ እትዬ" ይላል። ነገም ሥራ ይዟል። በመጨረሻ መጥራቱን ተዉ።

ግፊቱ ወረደ። መለኪያውን ክንዱ ላይ አስሮ ደህናውን ቁጥር ሲያይ በደስታ ቀና አለ፤ የሚነግረው ሰው ግን የለም። ደስታ ለብቻ ሲሆን እንዴት ያስጠላል! አምላኩ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፊርደውስ በምርኩዝ ተደግፈው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

"ምን በደልኩህ? ንገረኝና ልሂድ።"

የሚሰፋውን ሱሪ አስቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ የሐኪሟን፣ የጨዉን፣ ፍርሃቱንም።

"አስተግፊሩላህ!" ብለው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኛ ያን ልጅ ዳግመኛ ልቀብረው የነበርኩት?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔስ መቼ አወቅሁ።"

"ዝም በል! ለጨው ብሎ ሰው ይተዋል? ምላስ የለህም? ሰለቸሁት ብዬ ስንት ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ መሰለህ! ሁለት ሲኒ አቀርብና አንዱን መልሼ አነሣዋለሁ።"

አምላኩ እሱ ብቻ የተተወ መስሎት ነበር።

በማግስቱ በአጥሩ ላይ "አምላኩ! ና ቡና!" ተባለ። መቀሱን ጥሎ ሄደ። እትዬ ፊርደውስ መጀመሪያ ለራሳቸው ቀዱና ጨው ቆንጥረው ሲኒያቸው ውስጥ ጣል አደረጉ። ከዚያ ሌላውን ሲኒ ሞሉ። አምላኩ እጁን ሲዘረጋ ግን ሲኒውን ያዝ አደረጉበት።

"ይቺ የዓባይነህ ናት" አሉ፤ "ጨው አልነካትም። አጠጣልኝ።"

አምላኩ አንድ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ በሌላው ተቀበላቸው። ቡናው መራራ ነበር። እስከ አተላው ጠጣው።