አራት ጎማ ያላት ጣውንቴ

ባሌ ሸሀቡ ልብስ ሰፊ ነው። ደባርቅ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ ሲሰፋ የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሰው ከበር ሲገባ አንዴ ቀና ብሎ አይቶ የትከሻውን ልክ የሚናገር ሰው ነው። ቀሚስ አሰፍታ ጠበበኝ ብላ የተመለሰች ሴት አላውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው።

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ተፈጥሮዬ ነው፣ አልደብቅም። ከተጋባን ጀምሮ ሴት ደንበኛ ስትመጣ ሜትሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ደረቷን፣ ወገቧን እለካለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። ለሃይማኖታችንም ያምራል፣ ለእኔም እንቅልፍ ይሰጠኛል። እንዲህ አድርጌ በሩን ሁሉ ዘግቼ ስኖር እሷ በአይሱዙ ተጭና መጣች።

ቮልስ ናት። ያቺ እንቁራሪት የምትመስለው የጥንት መኪና። ደባት ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ተጥላ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ኖራ፣ ባለ ወፍጮው የልጆቹን የሰርግ ልብስ ሸሀቡ ቢሰፋለት በምትኩ ሊሰጠው ተስማማ። ሸሀቡ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ወንዶቹ ተጋግዘው አውርደው ግቢያችን መሀል ሲያስቀምጧት ወለሏ ዝጎ ተበልቶ ሣሩ ከታች ይታይ ነበር። በሯ በገመድ ታስሯል።

"ይህን ቁርጥራጭ ምን ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"አድናታለሁ" አለኝ። መኪናዋን እንጂ እኔን አላየኝም።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ እሱን አንድ ሾፌር ወዳጁ በትርፍ ጊዜው ፈታቶ አስነሳለት። አካሏን ግን ለባለሙያ የሚከፍልበት አቅም አልነበረንም። ወደ ተራራው፣ ወደ ጨነቅ የሚሄዱት ቱሪስቶች ከቀነሱ ወዲህ የአስጎብኚዎቹና የፓርክ ጠባቂዎቹ የስካውቶቹ ልብስ ስፌት ቀዝቅዟል። ስለዚህ ሁሉንም በእጁ፣ በግቢያችን፣ በሚያውቀው ዘዴ ያዘው። የሚያውቀው ደግሞ ልብስ መስፋት ብቻ ነው።

በሜትሩ ለካት። በሁለት እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ ፓራፋንጎ የሚሉትን የጎማ ክዳኗን ዞሮ ዞሮ ለካት። ቆሜ አየሁት። ለእሷ ቁጥር የሚጠራ ሰው አላስፈለገም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀዳዳዋ ላይ ዘርግቶ በልብስ ማስመሪያው ሳሙና አሰመረ፣ ቅድ አወጣ፣ ባዶ የዘይት በርሜል ሰንጥቆ ላሜራውን በዚያ ቅድ ልክ ቆረጠ። ከዚያ በያጁን ሚናስን ጠራው። ሚናስ ብረቶቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ ቀዳዳው ላይ ገጠማቸው፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

"ሸሀቡ፣ ይሄ ዙሪያውን የታጠፈው ምንድን ነው?"

"ትርፍ ነዋ። ለስፌት።"

"ብረት እኮ ጫፍ ለጫፍ ነው የሚበየደው! ለዘምዘማ ነው የተውክላት?"

እኔም ሳቅሁ። ያን ሰሞን ከልቤ የሳቅሁበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ሸሀቡ ግን አላፈረም፤ ትርፉን ሁሉ በቆርቆሮ መቀስ ከርክሞ መልሶ ሰጠው። መብራት ሲመጣ ሚናስ ይበይዳል፣ ሲጠፋ ሸሀቡ ስፌቱን በመዶሻ ያስተካክላል። ጎርባጣውን በስቱኮ ይሞላዋል፣ ስቱኮው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ያሸዋል፣ ዐይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሳታል፣ ደግሞ ያሻታል። የፊት ክዳኗ መቆለፊያ ስለተሰበረ የእኔን የልብስ ሣጥን ጓጉንቸር አንስቶ ለእሷ አደረገላት። በረዶ የዘነበ ዕለትም ብርድ ልብሳችንን ከላዬ ገፎ ወጥቶ አለበሳት። በደባርቅ ብርድ! ጣሪያዋ እንዳይጎደጉድ ነው አለ። እኔ ብጎደጉድ ግድ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እህቴ ኢክላስ ደባት ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ለሰርጉ የምለብሰው ጨርቅ ሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደታጠፈ ተቀምጧል። "ዛሬ እቆርጥልሻለሁ" ይላል፤ ማታ ሲመጣ ጥፍሩ ውስጥ ስቱኮ እንጂ ክር የለም።

ጎረቤታችን አረጋሽ ናት እሳቱን የለኮሰችው። አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ መኪናዋን አየት አድርጋ፣ "ኡሙሰልማ፣ ይቺ ኑራ የተዳረችባት መኪና አይደለችም እንዴ?" አለችኝ።

ኑራን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት የለም። ከሸሀቡ ሱቅ ፊት ለፊት ጫማ ትሸጣለች። ባል አላት፣ ልጆች አሏት፣ ጥርሷ እስካሁን ያምራል። ሸሀቡ በወጣትነቱ ሽማግሌ ሊልክባት አስቦ ሳለ ሌላ ቀደመው የሚል ወሬ ከድሮም ሰምቼ ነበር። የማላውቀው ቀሪው ነው። ኑራን ከደባት ይዘው ሲመጡ፣ በዚች ቮልስ የኋላ ወንበር ከሚዜዎቹ ጋር የተቀመጠው ሸሀቡ ነው አለችኝ አረጋሽ።

ቅናት በላኝ። ሱቁ ስሄድ ዐይኔ ጫማዎቹ ላይ ነው። ኑራ "ሰላም ነሽ ኡሙ?" ስትለኝ፣ "ደህና" ስላት፣ በልቤ ያንን መኪና እንደ ገና እያስነሣልሽ ነው አይደል እላታለሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ምሳውን ይዤ ወደ ግቢ ስወጣ በሯን እየፋቀ ነበር። ላዩ አረንጓዴ ነው። ከአረንጓዴው ስር ነጭ ወጣ። ከነጩ ስር ደግሞ ሌላ ቀለም ወጣ፣ ሸሀቡም እጁን ሰበሰበ። ሰማያዊ ነው። ጥዋት ጉም ሲገለጥ ሰማዩ የሚይዘው፣ ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ያን ቀለም አውቀዋለሁ። ገላዬ ያውቀዋል። ቤት ገብቼ ሣጥኔን ከፈትኩ፤ ጓጉንቸር የለውማ፣ ወዲያው ተከፈተ። ለኒካሃችን ራሱ የሰፋልኝን ቀሚስ አወጣሁ። ያስገዛኝን ሻርፕ ጨመርኩ። ሱቅ ወርጄ ያልተቆረጠውን የሰርግ ጨርቄን አመጣሁ፤ ጎንደር ወርዶ መርጦ ያመጣው እሱ ነው። ሦስቱንም በሯ ላይ ዘረጋኋቸው። ከፋቀው ቦታ የሚለዩ አልነበሩም።

"ስትዳር እንዲህ ነበረች?" አልኩት።

"አዎ" አለ። እሱም ጨርቆቹን እያየ ነው።

"እና እስከ ዛሬ እኔን ስታለብሰኝ የነበረው የኑራን መኪና ነው?"

የኒካሃ ቀሚሴን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ብረቱ ላይ አስጠጋው። ፊቱ ላይ ያየሁት ማፈር አይደለም፤ መገረም ነው።

"ወላሂ አላስተዋልኩትም" አለ።

"ኑራንም አላስተዋልካት?"

"ኑራን ምን አደርጋታለሁ፣ ኡሙዬ? የዚያን ቀን ምን ለብሳ እንደነበር ብትጠይቂኝ አላውቅም። መኪናዋን ግን ጠይቂኝ። የበሯ እጀታ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ወንበሯ ምን ምን እንደሚሸት። ደባርቅ ስንደርስ ሁሉም ሰው ሙሽሪትን ሊያይ ሮጠ። እኔ አልወረድኩም፤ ለምነው ነው ያወረዱኝ።"

አመንኩት። የተናደድኩትም በዚያ ነው። ኑራ ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ እጮሃለሁ፣ ልብሴን ሰብስቤ ዛሪማ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ሽማግሌ ይመጣል። ሴት ሰው ናት፣ ታረጃለች፣ ትሰደባለች። ይቺ ግን ዝጋ፣ ተበልታ፣ ዶሮ ኩሷን ጥላባት እንኳ ከልቡ አልወጣችለትም። እኔ ሸሀቡ ቤት ከመግባቴ በፊት ልኳ ተወስዶ፣ ቅዷ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ እኔ የመጣሁት ለሰፋው ቀሚስ ልክ ሆኜ ነው።

"ስማኝ" አልኩት። "ሰማያዊ የምትለብሰው ከሁለታችን አንዷ ናት። እሷን ሰማያዊ ከቀባሃት ይህን ጨርቅ ለፈለግኻት ሴት ሽጠው። እኔም ሰማያዊ አልለብስም፣ እሷም ላይ አልቀመጥም።"

ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን መኪናዋን አልነካትም። ሱቁ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ከሰላትም በኋላ ብቻውን ቁጭ ይላል። አሳዘነኝ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም። በመጨረሻ አንድ ጥዋት፣ "ምን ይቀባ?" አለኝ።

እኔም ክፉ አሰብኩ። "ቡኒ" አልኩት። "ክረምት ላይ ገበያው መንገድ ላይ የሚተኛውን ጭቃ የሚመስለውን ቡኒ።"

ቀለሙን ከጎንደር አስመጣ። አቧራ እንዳይነካት ግቢውን በውሃ አራሰ፣ አንሶላዎቼን በሙሉ ዙሪያዋን እንደ ድንኳን ሰቀለላት፣ ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር ተውሶ ረጫት። አንሶላዎቹ ሲወርዱ ከኩሽና በር ላይ ሆኜ አየሁ።

ወይ ጉድ! አማረባት። የመረጥኩላት ጭቃ ነበር፤ እሷ ግን የማር ቀለም አድርጋው ቁጭ አለች። አንዳንዷ ሴት የፈለግሽውን ብታለብሻት ያምርባታል። አረጋሽ በአጥሩ ላይ ሆና እልል አለች። ኑራ ሳትቀር ሱቋን ትታ መጥታ፣ "ኡሙ፣ እንዴት ያለ ዐይን አለሽ!" አለችኝ። ዐይኔን ማውጣት ነበር ያሰኘኝ።

ቀሚሴን ግን ሰፋልኝ። እንዲያ አድርጎ ሰፍቶልኝ አያውቅም። ሳይለካኝ ነው የሰፋው፤ ስለብሰው የትም ቦታ አልጠበበኝም፣ የትም አልሰፋኝም። የሰርጉ ቀን ጥዋት ለብሼው ስወጣ ሸሀቡ መኪናዋን ደግፎ ቆሟል። እሷን ትቶ እኔን አየኝ። ይህን ዐይቻለሁ፣ ማንም አይክደኝም። እሷ ቡኒ፣ እኔ ሰማያዊ። አሸነፍኩ አልኩ በልቤ።

"ሻንጣዬን የት ላድርገው?" አልኩት።

"ከፊት ነው። ቆይ፣ እኔ ላስገባልሽ" አለና ፈጥኖ መጣ።

ሸሀቡ ፈጥኖ አያውቅም። ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩት፣ ጓጉንቸሬን ፈታሁ፣ የፊት ክዳኗን አነሳሁ።

ውስጧ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴው ተፍቆ፣ ነጩ ተፍቆ፣ የጥንቱ ቀለሟ አንድም ቦታ ሳይጫር ወጥቷል፤ ከዚያ በጨርቅ ታሽቶ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ አብርቷል።

"ቀለሙ... አልደረሰልኝም" አለ ከኋላዬ። "ውድ ነው፣ ታውቂያለሽ። ውስጡን ደግሞ ማን ያየዋል ብዬ ነው።"

የተረፈው ቀለም ከነጣሳው አልጋችን ስር እንዳለ አውቃለሁ። ቤቱን የምጠርገው እኔ ነኝ። አሮጌ ቀለም ከስር ፍቆ ማውጣት ከመቀባት የበለጠ ስንት ልፋት እንዳለውም ስንት ሳምንት ቆሜ አይቻለሁ።

ሻንጣዬን ሰማያዊው ላይ አስቀመጥኩ። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ዛሬም እዚያው ነው፤ ሊከፍታት ሲፈልግ እኔን ይለምናል። የዚያን ቀን ግን ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ በሯን በኃይል ዘጋሁባት። እንዲህ ሆነን፣ እኔም እሷም ሰማያዊ ለብሰን፣ ደባት ሰርጉ ቤት ገባን።