ተምች እንዲሆን የጸለይኩበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሂቦ ሻይ ልትጠጣ ሱቄ ገባች። ግብርና መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። በትንሽ ብልቃጥ የሞተች የእሳት እራት ይዛ ነበር። ከአንዲት እግሯ ብቻ ዘረ መሏን መርምረው ምን ዓይነት እንደሆነች፣ ዘመዶቿም የት አገር እንዳሉ ይደርሱበታል አለችኝ። ተገረምኩ። እኛ አንዷን ለማወቅ ቤተሰቡ ሙሉ ተኩስ ሥር ተቀምጠን ነበር የጠበቅነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከወሎ መጥቼ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ አደር ጃማ ቤት እሠራ ነበር። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሚስታቸውን ደግሞ ኤዶ፣ አክስት እንደማለት፣ ኤዶ ሀዋ እላቸዋለሁ። አደር ጃማ የሰብል ተባይ ባለሙያ ነበሩ። ጦርነቱ መሥሪያ ቤታቸውን ሲዘጋው በእጃቸው የቀረው አጉሊ መነጽር ብቻ ነው።

ውጊያው ከተማ ውስጥ እንደገባ ከሀርጌሳ ወደ ምዕራብ ባለችው የእርሻ ከተማ ገቢሌ የሚኖረው ወንድማቸው በጣሳ ትል ላከ። ማሽላው ተበልቶ አልቋል። የቀረው አንድ ጆንያ ዘር ነው። እኛም የምንሸሸው እሱ ዘንድ ስለነበር ጆንያው የሁላችንም ጉሮሮ ነበር። ተምች ከሆነ ክንፍ አውጥቶ በነፋስ ይሄዳል፤ እንደገና መዝራት ይቻላል። ሌላ ትል ከሆነ ግን እዚያው ከርሞ አዲሱንም ቡቃያ ይጨርሰዋል፤ ዘሩን ፈጭቶ መብላት ይሻላል። በመልክ የሚመሳሰሉ ስላሉ አደር ጃማ ገና ትል እያለ አይተው እርግጠኛ መሆን አልቻሉም። ክንፉ መታየት አለበት አሉ።

ሣር እያጨድኩ ትሎቹን አበላኋቸው። አፈር ውስጥ ገብተው እንደ ዘቢብ የጠቆረ ቅርፊት ለበሱ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የሰኔ ጾም ነበር፤ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ወተት ባልገባበት ሻይ እበላለሁ። መድፍ ባጓራ ቁጥር ጣሳው ይንቀጠቀጣል፤ ሮጬ እይዘዋለሁ። ጎረቤት ፍራሹንና ድስቱን ጭኖ ይሄዳል። ኤዶ ሀዋ ዕቃ ያስራሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። አደር ጃማ ግን መኪና ላይ ከተናጠ ክንፉ ተጨማዶ ይወጣል ብለው እምቢ አሉ።

"ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፤ የኔ ባል የትል አዋላጅ ሆኖ ቀረ" አሏቸው ኤዶ ሀዋ።

"ታዲያ ምጥ ላይ ያለችውን ትቼ ልሂድ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ከጣሳው ሳይነቅሉ።

ኤዶ ሀዋ መሳቅ ጀምረው መሀል ላይ አለቀሱ።

እኔ ጓዳ ገባሁ። አገር ቤት ተምች ሲወርድ ምህላ ይያዛል፣ ጸበል ይረጫል፣ እናቴ እየሰገደች "አርቅልን" ትላለች። እኔ ደግሞ "ጌታዬ፣ ተምች አድርገው" አልኩ።

አንድ ማለዳ ጣሳው ውስጥ በሰካሁት እንጨት ላይ ቡናማ የእሳት እራት ተንጠልጥላ አገኘኋት። አደር ጃማ ክንፏ እስኪጠነክር አላስነኩንም። ተኩሱ እየቀረበ ነበር። በመጨረሻ መነጽሩን አስጠግተው የኋላ ክንፏን አዩ፤ ነጭ ነው፣ ጅማቱ ቡናማ። የሆዷን ጫፍም ደጋግመው አዩ።

"ተምች ናት። ሀዋ፣ ዕቃሽን እሰሪ፤ እንዘራለን።"

ኤዶ ሀዋ "አልሀምዱሊላህ" አሉ፤ እኔም "ተመስገን" አልኩ።

ወደ ገቢሌ በሚሄደው መኪና ላይ ሆነን፣ ከወንድማቸው ማሳ የሚነሱት የእሳት እራቶች ወዴት እንደሚሄዱ አደር ጃማን ጠየቅኋቸው። "ነፋሱ ያውቃል" አሉ። "አንዳንዴ ወደ የመን፣ አንዳንዴ ወደ እናንተ አገር።" ቀና ብዬ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አየሁ።

ዘሩ በቀለ። ዝናቡ ቶሎ ቆሞ ዘለላው ቢቀጭንም በልተን ከረምን፤ ውጊያው ሲበርድም ወደ ሀርጌሳ ተመለስን። ጸሎቴ ተሰምቷል፣ አልክድም። የዚያን ዓመት የእናቴ ማሳ ምን እንደሆነ ግን ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም ስጸልይ "አርቅልን" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ፣ ወዴት? ብዬ ትንሽ እቆማለሁ።