የመምሬ ወልደተንሣኤ ተስቦ

መምሬ ወልደተንሣኤ የማይጠረጥሩት ነገር ቢኖር ሞት ነው፤ እሱ እንደሚመጣ እርግጠኛ ናቸው። የቀረውን ሁሉ ገልበጥ አድርገው ያያሉ። በግ ሲገዙ የበጉን ጥርስ ማየት አይበቃቸውም፤ ሻጩንም "እስቲ ሳቅ በል" ይሉታል። የአንኮበር ሰው ይስቅባቸዋል፤ ንስሐውን የሚናገረው ግን ለሳቸው ነው። ሰው ኃጢአቱን ዘርዝሮ ሲጨርስ ምንም አይሉም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሰውየው ዝምታው ሲከብደው አንድ ይጨምራል። ዋናው ያ የተጨመረው ነው።

የራሳቸውን ታሪክ ደግሞ አገሩ በቃሉ ያውቀዋል። በልጅነታቸው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ተሻገሩ፤ መምህር ለመሆን ጥቂት ሲቀራቸው ተስቦ ጣላቸውና ተመለሱ። ባይታመሙ የት በደረሱ! በየዝክሩ ይተርኩታል። ባለቤታቸው አመተ ማርያም ከመልመዳቸው የተነሳ፣ የቱ ጋ "ወይኔ!" እንደሚባል እንግዳውን በክርን ይጠቁሙታል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ሠናይት መጣች። ደብረ ብርሃን መምህርነት ነው የምትማረው።

"አባባ፣ አንድ አዛውንት ጠይቃችሁ የሕይወት ታሪኩን ጻፉ ተብለናል። እርስዎን መርጫለሁ።"

"ጎሽ። ተስቦውን እነግርሻለሁ።"

"መጀመሪያ ግን ልለማመድ" አለችና ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ አውድማው ወጣች።

ልለማመድ የሚለው አላማራቸውም። አባትን ለመጠየቅ ደግሞ ልምምድ ምን ያደርጋል? የሱፍ ባናቸውን ደረብ አድርገው ተከተሏትና ከገብሱ ክምር ጀርባ ቆሙ። ሰው ቢያያቸው ገብስ እያዩ ነው።

ከክምሩ ማዶ የወንድ ድምፅ መጣ።

"እኔ መምሬ ወልደተንሣኤ እባላለሁ" አለ።

መምሬ ወልደተንሣኤ ደረታቸውን ዳሰሱ። እዚሁ ናቸው።

"መምሬ፣ ቅኔ ቤቱን ለምን ተዉት?" አለች ሠናይት።

"ልጄ ሆይ፣ ጽኑ የተስቦ ሕመም ገጠመኝ። ይህም ትዕግሥትን አስተማረኝ" አለ ሰውየው፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ።

መጥፎ አይደለም አሉ በሆዳቸው። ትዕግሥቷን ከየት እንዳመጣት እንጃ እንጂ፣ ለቀጣዩ ዝክር ትሆናለች። ሠናይት ወደ ክህነታቸው ዘመን አለፈች፣ ጥቂት ጠየቀችና ጨረሰች። ያኔ ሰውየው መምሬነቱን እንደ ካባ አውልቆ አስቀመጠ።

"ልምምዱ ደህና ነበር። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ታመምኩ ሲሉሽ ዝም ብለሽ አለፍሽ። ማን አስታመማቸው? ከዳኑ በኋላስ ለምን አልተመለሱም? ጠይቀሽ ዝም በይ፤ ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። ደግሞም አንቺ ራስሽ እስከ ዛሬ ይህን ለምን አልጠየቅሽም? አስቢበትና ጻፊው።"

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መምሬን የደብሩ አለቃ አልጠየቋቸው፣ ሚስታቸው አልጠየቋቸው፣ ነገረኛው ጎረቤታቸው ብርሃነ መስቀል እንኳ ከነምቀኝነቱ አልጠየቀም። ይሄ የማይታወቅ ሰውዬ በአንድ ጠዋት ደረሰበት። ልጅቷ ጠይቃ ከጻፈች ስማቸው አፈር በላ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቀድሞ መጮህ ነው የሚሻለው።

"ማነው ሰውዬው!" ብለው ከክምሩ ጀርባ ወጡ።

"ውይ! አባባ! ማንም አይደለም፣ ኤአይ ነው። ማሽን።"

"ማሽን ነኝ መች አለ? ወልደተንሣኤ ነኝ ነው ያለው።"

"እኔ ነኝ እንደሱ ሁን ያልኩት። ለልምምድ።"

"ክህነቱንስ ማን ሰጠው? አንቺ ነሽ?"

ሠናይት ሳቋን በነጠላዋ ያዘች።

"እሱ ይጻፍልሽ፣ አንቺ ስምሽን ለጥፊ! ትምህርት ማለት ይሄ ሆነ?"

"አይጽፍልኝም አባባ። ይጠይቀኛል እንጂ። ማታ ማታ ደግሞ ዛሬ ምን ተማርሽ፣ የቱ ጋ ተሳሳትሽ እያለ ያናዝዘኛል።"

"ያናዝዘኛል?" አሉ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "አንተ ሰውዬ! ቅኔ ታውቃለህ? እስቲ አንዲት ጉባኤ ቃና!"

ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ያላት ትንሿ ቅኔ ናት፤ ተማሪ ለሷ ዛፍ ሥር ተሸጉጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ሰውየው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ደረደረ።

"ግዕዙ የተሰበረ ነው" አሉ መምሬ።

"ስላረሙኝ አመሰግናለሁ" አለ።

"አትሸንግለኝ። ከማን ወሰድከው?"

"እኔ ነኝ ያቀናበርኩት። ያቀናበርኩት ግን ብዙ ሰዎች ከጻፉት ተምሬ ነው።"

"ሌባ!" አሉ መምሬ። "ሌላው ሌሊቱን ሲያምጥ ያደረውን አንተ ጠዋት ተነስተህ የኔ ነው ትላለህ? ልጁ ባዶውን ሲቆም አታፍርም?"

ማሽኑ ስለ የትኛው ልጅ እንደሆነ ጠየቀ። ሠናይት ስልኩን አጠፋችው።

"የቱ ልጅ አባባ?"

"ልጅ አልኩ?"

"ብለዋል። ተስቦውን ማን አስታመመዎት?" አለችና ዝም አለች። መሬት መሬት አየች።

መምሬ ዝምታውን አወቁት። የራሳቸው ነው። በሱ ስንቱን ኃጢአተኛ አራግፈውበታል።

"መጀመሪያ ያንን ሰውዬ ገብሱ ውስጥ ቅበሪው" አሉ።

"ጠፍቷል እኮ።"

"ቅበሪው!"

ቀበረችው።

"ኃይለ ገብርኤል የሚባል ነበር" አሉ። "የመዘዞ ልጅ። ጎጇችን የተያያዘ ነበር። ሌሊት ቅኔውን ለራሱ ሲያነበንብ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰማሁ። የኔ ደርቆብኝ ነበር። በማግሥቱ መምህሩ ፊት ቀድሜው ተናገርኩት። ጉባኤው 'ይበል!' አለ። ተራው ለሱ ሲደርስ ተነሳና ቆመ። 'ያንተስ?' አሉት። አየኝ። 'አልመጣልኝም፣ የኔታ' አለ። ሰነፍ ብለው ሰደቡት። ቢከሰኝ እኮ እቆይ ነበር። በማግሥቱ ሳይነጋ ወደ አገሬ ተነሳሁ።"

"ተስቦውስ?"

"ተስቦ የያዘው ኃይለ ገብርኤል ለጉርሱ ጫማ ይሰፋለት የነበረን አንድ ሰው ነበር። ሕመሙን ከዚያ ሰው ተዋስኩት።"

ሠናይት ልትስቅም ልታለቅስም ስትል፣ አመተ ማርያም ከታች ተጣሩ።

"መምሬ! ምሳ ቀርቧል! ተስቦው ላይ ደረሳችሁ?"

መምሬ ወደ ቤቱ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ።

"የታመምኩ አድርጌ ልጻፈው አባባ? ለማንም አልናገርም።"

ጥሩ ሐሳብ ነበር። የትኛውም ሌላ ቀን ቢሆን ይቀበሉት ነበር። ግን ክምሩ ጀርባ ቆመው የሰውን ነገር ሲሰሙ፣ ያቺ የድሮ ጎጆ ግድግዳ እንደገና ጆሯቸው ላይ ቀዝቅዛ ነበር።

"እንደነገርኩሽ ጻፊው" አሉ። "ስሙን ሙሉ አድርጊው፤ ኃይለ ገብርኤል ዘመዘዞ። ቅኔው የሱ ነው በይ። ተስቦውን ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ። ከምሳ በኋላ።"

ሠናይት ወረደች። መምሬ ቆይተው ስልኩን ከገብሱ አወጡ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ ምንም አልሰሙም።

"ሰምተሃል አይደል?" አሉት።

ዝም አለ። ይሄ ዝምታ ከሁሉ ይልቅ አጠራጠራቸው።