ጾምና ዲጁኖ

ትርንጎ ገና ከጎንደር ጀምሮ እልኸኛ ናት ይሏት ነበር። ሮም መጥታም አመሏ አልለቀቃትም። ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት ስትልጥ ትውልና፣ ማታ ፒኜቶ ሰፈር ወደተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ ወደ ልጇ ወደ ሶሊ ትገባለች። አባትየው መንገድ ላይ ቀርቷል። የእሱን ነገር ማንሳት አትወድም።

ሶሊ ሰባት ዓመት ሲሞላት ረቡዕና ዓርብ ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም ተወች። ማንም አላስገደዳትም፤ እናቷን እያየች ነው። ልጅ መቼም የሚይዘው ያየውን ነው። ይህንን ለትምህርት ቤቱ መንገር የግድ ሆነ። የትርንጎ ጣልያንኛ ደግሞ ከገበያና ከትራም አያልፍም። ስለዚህ ጎረቤቷን እማማ ኣዜብን ጠየቀቻቸው። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው የአስመራ ሴት፣ እሳቸውም ካቶሊክ ናቸው።

«እማማ፣ ጾም በጣልያንኛ ምን ይባላል?»

«ዲጁኖ ነዋ!»

በነጋታው ትርንጎ የሶሊን አስተማሪ፣ ማኤስትራ ሞኒካን፣ በር ላይ አግኝታ፣ «ሶሊ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዲጁኖ!» አለቻት። ሞኒካ ግራ ገባት፤ የሃይማኖት ነገር ነው ብላ ግን ተቀበለችው።

እንግዲህ በእኛ ጾም መብላት አለ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፤ እንዲያውም ገበታው የሚያምረው በጾም ቀን ነው። የእነሱ ዲጁኖ ግን እህል አለመቅመስ ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ቀረበላት፤ ልጅቱ «ዲጁኖ» ብላ ገፋችው። ከዚያ ወዲያ በእነዚያ ቀናት ሳህንም አልመጣላትም፤ ውሃ ብቻ። እሷም ጾም በትምህርት ቤት እንዲህ ይሆናል ብላ ለእናቷ አልነገረችም። ቤት ስትገባ ያገኘችውን ሁሉ ስታሟጥጥ፣ ትርንጎ «ልጄ እያደገችልኝ ነው» እያለች ደስ ይላት ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ሶሊ ስትሮጥ ዞሮባት ወደቀች። ስልክ ተደወለ። ትርንጎ ሽርጧን ሳትፈታ እማማ ኣዜብን አስከትላ ከተፍ አለች። ልጅቱ አንድ ኬክና የካርቶን ጭማቂ ፊቷ ተደርድሮላት፣ ምንም ሳትነካ ተቀምጣለች።

ሞኒካ እጆቿን አጣምራለች፤ እማማ ኣዜብ ያስተረጉማሉ። «ልጅ መራብ የለበትም፣ ሲኞራ! ከእንግዲህ እንደ ሌላው ልጅ ሁሉን ትበላለች። አለበለዚያ አሲስቴንቴ ሶሻሌ እጠራለሁ።»

ይህን ቃል ሮም ያለ ሐበሻ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። ልጅን ከእናት የሚነጥቁት እነሱ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ፣ ናቸው ይባላል። ትርንጎ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

«እናንተ ምን ሰጣችኋት?»

«ውሃ። ዲጁኖ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ትርንጎ ወደ እማማ ኣዜብ ዞረች። አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ የእኛን የካቶሊኮቹን ነው የነገርኩሽ፤ የእኛ ባዶ ሆድ ነው! በይ አሁን እሺ በያትና እንሂድ። በሰው አገር አንገት መድፋት ነው፣ ልጄ።»

«አንገቴን ባሕር ባሻገረኝ ጀልባ ላይ ደፍቼ ጨርሻለሁ። ይንገሩልኝ፤ ልጄ ጾሟን አትተውም፣ እናንተም ልጄን አታስርቡብኝም!»

እማማ ኣዜብ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጣልያንኛ፣ «እናትየው በጣም ታመሰግናለች፤ ይቅርታም ትጠይቃለች» አሉ።

«ኖ! እንደዚያ አላለችም!» ብላ ሶሊ እናቷ ያለችውን በጣልያንኛ ቃል በቃል ዘረገፈችው። ሞኒካ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ከምግብ አዳራሹ አንድ የምታውቀው ሽታ መጣ፤ ሽምብራ። ትርንጎ ልጅ ሳለች ዓርብ ዓርብ ወደ ትምህርት ቤት የሚቋጠርላት የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ ነበር፤ በመንገድ ላይ እየቃመች ደብተሯን ታጨቀየው ነበር። ልጇን በእጇ ይዛ ገባች። የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ሪታ የምሳውን ድስት ልታጥብ ስትል ደረሰችባት። የሽምብራ ሾርባ ተርፏል። ሁሉም ልጆች ሲበሉት ሶሊ ውሃ ይዛ ስታይ ነበር ማለት ነው።

ትርንጎ ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ዘፍ አለች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ይሄ ነው ጾማችን። ካልቀረበላት ከዚህ አልነሳም። ያሻትን ትጥራ!» አለች፤ ሶሊ ወዲያው ተረጎመችው።

«ተነሺ፣ ሲኞራ» አለች ሞኒካ።

«አልነሳም!»

ሪታ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «አይብ የለበትም፤ ዘይት ብቻ ነው» ብላ በጭልፋ ቀዳች።

«ሪታ፣ እኔ አልፈቀድኩም!»

«ልጅቱ ርቧታል፣ ማኤስትራ።»

ሶሊ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ድጋሚ ጠየቀች። ትርንጎ ሞኒካ ይዛው የመጣችውን ጭማቂ ወደ ሞኒካ ገፋ አደረገችው። «ይሄን ስኳር ይውሰዱልን። ውሃ ይበቃታል፤ ከእህል ጋር ሲሆን።»

ይህንን እማማ ኣዜብ ሳያለዝቡ ተረጎሙት። ሞኒካ ካርቶኑን አነሳች። የልጅቱ ጉንጭ ቀለም ሲመለስለት ቆማ አየችና፣ ካርቶኑን እንደያዘች፣ በዝግታ «ሜርኮሌዲ፣ ሌንቲኪዬ» አለች።

ትርንጎ ትርጉም አልጠበቀችም። ሁለቱንም ቃላት ከገበያ ታውቃቸዋለች፤ ረቡዕ ምስር ነው ማለቷ ነው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች፣ ከትንሿ ወንበር ሳትነሳ። «ረቡዕ ግን መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።»